ከኩላሊቱ ጋር ዋጋ የተከራከረው አባመጫ

ይህን ወሬ መጀመሪያ ያመጣችልኝ ሰርካዲስ ናት። ሰርካዲስ የአባመጫ የአጥር ጎረቤት ናት፤ በእሷና በእነሱ ግቢ መሃል ያለው የተቀደደ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ ያላየችውን ትሰማለች፣ ያልሰማችውን ታያለች። የቀረውን እኔ ራሴ ዞሬ አጣርቼዋለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ወሬ በመቁጠር ግን ሚዛን ተፈሪ ላይ የሚያህለኝ የለም። ይህን ቴፒም ያውቃል። ማጂ ድረስም ሳይሰማ አይቀርም።

እንግዲህ ስሙኝ። በየከተማው ቁጥር ሰምቶ ዝም ማለት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። "ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ "አራት" ሲሉት "ሦስት ተኩል አይሆንም?" ይላል። ባጃጅ ላይ ይህ ሰው ተቀምጦ ከሆነ አትሳፈሩ፤ ሹፌሩ የእሱን ንዴት እናንተ ላይ ነው የሚወጣው። ሠርግ ቤት ከጠራችሁት የሙሽራውን ዕድሜ ያስቀንሳል።

እኛ ጋ ያ ሰው ክቡር አባመጫ ነው፤ የዋጋ ፊታውራሪ፣ የቅናሽ ደጃዝማች። ከጅማ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ቡና ሲነግድ ሸበተ። ፀጉር አስተካካዩን "ግማሹ ራሴ በራ ነው፤ ግማሽ ዋጋ ውሰድ" ብሎ ያስለቀሰ እሱ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ፍየል ልሸጥለት ብዬ ጠዋት ገበያ ላይ ተገናኘን። ፍየሏ ያረገዘች ናት። ስንከራከር፣ ስንከራከር፣ እዚያው ወለደች። "በል ጨርስ" ስለው "ግልገሉ በየትኛው ዋጋ ነው የተወለደው?" ብሎ አዲስ ክርክር ከፈተብኝ። የዚያች ፍየል እናት ማጂ አጠገብ ካለችው ከቱም የመጣች ነበረች፤ የቱም ፍየል ደግሞ… እሱን ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ።

አባመጫ አንድ እምነት አለው። ቡና ሲገዛ የኖረ ሰው ሁሉ አለው። የመጀመሪያ ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ገበሬው ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን፣ ይዞ መጥቶ "ይህን ያህል" ሲል "እንደምን አደርክ" ማለቱ ነው። አንተም "ይህን ያህል" ትላለህ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለትህ ነው። ንግዱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ እምነት ቡና ላይ ሀብት አፈራለት። ኩላሊቱ ላይ ነው ጉድ ያፈላው።

ያለፈው ክረምት እግሩ አበጠ። ጫማው አልገባ አለው። ይኼኔ ጤነኛ ሰው ሐኪም ጋ ይሄዳል። አባመጫ ግን "ጫማህ ጠበበ" ብሎ ከባለሱቁ ጋር ሊከራከር ሄደ። በመጨረሻ ሚስቱ ዘይቱ ናት ጎትታ ሆስፒታል ያደረሰችው። ዘይቱ ትንሽ ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም። ከአባመጫ ጋር የሚኖር ሰው መቼ ተራ ደርሶት ይናገራል!

ደሙን ሰጠ፣ ሽንቱን ሰጠ። ኩላሊትህ ደክሟል፣ ገና አልሞተም፣ አመጋገብህን ካስተካከልክ ብዙ ያኖርሃል አሉት። ስለ ምግቡ እንድትመክረው ሲስተር ቤተልሔም የምትባል ነርስ ጋ ላኩት።

"አባባ፣ ጨው ለሙሉ ቀን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ" አለችው።

"ግማሽ?" አባመጫ ወንበሩን ሳብ አደረገ። ገበያው ተከፈተ። "ሁለት።"

"ምን ሁለት?"

"ሁለት ማንኪያ አድርጊውና እንጨርስ።"

"እኔ ጨው አልሸጥም አባባ።"

"ማን እሸጣለሁ ብሎ ይጀምራል ልጄ? እሺ፣ አንድ ተኩል።"

ልጅቷ ትዕግሥተኛ ናት። ፖታሲየም የሚባል ነገር ደሙ ውስጥ መብዛቱን፣ ጤነኛ ኩላሊት በሽንት እንደሚያስወጣው፣ የእሱ ግን እንደማይችል፣ ዝም ከተባለ ልብን እስከ ማቆም እንደሚደርስ አስረዳችው። ሙዝና አቮካዶ ይተዉ አለችው። ጎደሬና ድንች ካማረዎ ተልጦ፣ በትንንሹ ተከትፎ፣ በብዙ ውሃ ተዘፍዝፎ ይዋል፤ ውሃው ይደፋ፤ በሌላ ውሃ ይቀቀል፤ ያም ይደፋ። ሥጋ ከመዳፍዎ አይብለጥ። ቡና አንድ ሲኒ፣ ያለ ጨው። የጅማ ሰው ቡናውን በጨው እንደሚጠጣ ታውቃለቻ!

"ሙዙ ስንት ነው?" አለ አባመጫ።

"ይተዉ ነው ያልኩት።"

"'ይተዉ' ቁጥር አይደለም። በቀን ሦስት።"

"ምንም።"

"ሁለት። የሸዋ ቤንች ሙዝ እኮ ጣት ነው የሚያክለው።"

"አባባ፣ ስለ ሕይወትዎ ነው የማወራው።"

"እኔስ ስለ ምን የማወራ መሰለሽ?" አለና ተነሳ። "ዘይቱ፣ ተነሺ እንሂድ!"

ይህቺ መነሳት የንግዱ ትልቋ ዘዴ ናት። ገዢ ተቆጥቶ ይነሳል፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ሻጭ "ና እንጂ፣ ና!" ብሎ ይጠራዋል፤ ዋጋው ይወርዳል። አባመጫ በረንዳው ጥግ ቆመ። "ዞር ብለሽ እንዳታዪ፤ አሁን ትጠራናለች" አላት ዘይቱን። ዘይቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ በኀፍረት መሬት መሬት አየች። በሩ ተከፈተ። "ይኸው!" አለ በሹክሹክታ። ሲስተር ብቅ አለችና "ተረኛው ማነው?" ብላ ሌላ በሽተኛ አስገብታ ዘጋችው።

በእኔ ዕድሜ አባመጫ ሳይጠራ የቀረበት ገበያ ያ ብቻ ነው።

ቤቱ ሲገባ ዋጋውን ራሱ ጨረሰው። "እሷ ግማሽ አለች፣ እኔ አንድ ተኩል አልኩ፤ ስለዚህ መሃሉ አንድ ማንኪያ ነው። ሙዝ እሷ ምንም አለች፣ እኔ ሁለት አልኩ፤ አንድ ሙዝ ነው።" አንድ ሙዝ ብሎ ሲያበቃ ደግሞ ከዘለላው ትልቁን ይመርጣል፤ ሻጩን "ምርቃት ጨምር" ብሎ ሌላ ያስጨምራል፤ ምርቃቱ "ያልተገዛ ነውና አይቆጠርም" ብሎ ይበላዋል። ቡና አንድ ሲኒ ተብሏል አይደል? ጨሞ ጀመረ። ጨሞ የቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቃሪያ የሚፈላው ነው፤ የአገሬው ሰው በቅል ነው የሚጠጣው። ዘይቱ ስትጮህ "ቡና አለች እንጂ ቅጠል መች አለች? ቅጠልና ፍሬ ገበያ ላይ አንድ ዕቃ ናቸው እንዴ?" ይላታል። በላዩ ላይ ጨው ነስንሶ!

ዘይቱ ጨውን ዱቄት ውስጥ ደበቀች፤ አገኘው። ቃሪያ ስር ደበቀች፤ አገኘው። ሰርካዲስ ቤት አስቀመጠች፤ ሰርካዲስ ጋ ሄዶ "ጎረቤት እሳትና ጨው ይከለክላል እንዴ?" ብሎ ጠየቃት። ሰርካዲስም ምን ትበል? ሰጠችው። እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጫታል።

ታዲያ በአንድ የገበያ ቀን ጀንፈል እየገዛ ሳለ ቁጥር ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ልቡ እንደ ዱር አህያ ይጋልባል፣ ጉልበቱ የለም። ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ ተንሸራቶ ወረደ። እግሩን እኔ፣ ራሱን ሌላ ሰው ይዘን ባጃጅ ላይ ጫንነው። ባለባጃጁ ሒሳብ አልጠየቀም። አባመጫ በነፃ በባጃጅ ሄደ፣ እሱም አላወቀም!

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ይከፍላል፣ ይሄዳል። ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብኝ። ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

ዳነ፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ሐኪሙ ዘይቱን ለብቻዋ ጠርቶ ነገራት። "በዚህ ከቀጠለ ኩላሊቱ ጨርሶ ይሄዳል። ያኔ በማሽን እጥበት ነው፤ በየሳምንቱ እየተመላለሰ። ለዚያ ጅማ ቤት ተከራይታችሁ መቀመጥ ነው።" ጅማ መቀመጥ ማለት ቡናውን መሸጥ ነው። ያንን ቡና ደግሞ ዘይቱ ልጇን ናስረዲንን በጀርባዋ አዝላ ጉድጓድ እየቆፈረች የተከለችው ነው። አንዱን ተክል ከሌላው ትለየዋለች፤ እኔ የልጅ ልጆቼን እንደዚያ አልለይም።

ሊወጡ ሲሉ ሲስተር ቤተልሔም ጋ ግቡ ተባሉ። አባመጫ አሁንም በረንዳው ላይ ቆመ።

"አንቺ ግቢና የመጨረሻ ዋጋዋን ጠይቂ" አላት። "ገዢ ራሱን ካሳየ ዋጋ ይወጣል።"

ሞት በር ላይ ቆሞ እንኳ ደላላ ይልካል!

ዘይቱ ገባች። ሲስተር ያንኑ ደገመችላት፦ ግማሽ ማንኪያ ጨው፣ መዳፍ የምታክል ሥጋ፣ ውሃው ሁለቴ የተደፋ ጎደሬ፣ አንድ ሲኒ ቡና። "ጣዕም ግን አይጉደልበት" አለቻት፤ "ነጭ ሽንኩርት አለሽ፣ ዝንጅብል አለሽ፣ ኮረሪማ በደጅሽ ነው፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ሰው ጥሩ ከበላ ጨው ይረሳል።" ዘይቱ እያለቀሰች "ልጄ፣ እሱ እኮ ያልሽውን ሁሉ እጥፍ ያደርገዋል" አለቻት። 

ወጣች። አባመጫ ምሰሶ ተደግፎ ይጠብቃል።

"ስንት አለች?"

ዘይቱ ከዚያ በፊት ዋሽታ አታውቅም። ለሰርካዲስ እንደነገረቻት አፏ ራሱ ነው የተናገረው። "ዜሮ" አለች።

"ምኑ?"

"ሁሉም። ጨው ዜሮ። ሥጋ ዜሮ። ጎደሬ ዜሮ። ቡና ዜሮ።"

አባመጫ ጭኑን መታ። "ዋጋ ጨመረች! አላልኩሽም? ያን ቀን ብንጨርስ ኖሮ!" ከዚያ ትንሽ አሰበና ዓይኑ በራ። የሞተው ሰውዬ ተነሳ። "ግድ የለም። ዜሮ ብሎ የጀመረ ሻጭ ብዙ መንገድ ይወርዳል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የሆነውን ሰርካዲስ ምንም ሳይቀር ሰምታለች። ዘይቱ ጠዋት ተነስታ ግማሽ ማንኪያ ጨው ለክታ በሲኒ ታስቀምጣለች። ምሳ ሲደርስ ያለ ጨው የተሠራ ወጥ ታቀርብለታለች።

"ዛሬ ጨው የለም።"

"ገበያ ላይ የለም የሚባል ዕቃ የለም። ዋጋው ነው። አንድ ማንኪያ!"

"ኧረ ሲስተር ትገድለኛለች አባ ናስሩ!"

"ሦስት ሩብ።"

"በጣት ቁንጥር። እሱንም ለዛሬ ብቻ።"

"ዘይቱ፣ የድሮ ደንበኛሽ ነኝ እኮ!"

ትተክዛለች። ወደ ጓዳ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። "ከስሬ ነው" ትላለች። ከሲኒው ግማሹን ታፈስለታለች፤ ግማሹ ለራት ነው። እሱ ድል አድርጎ ይበላል። ምን የሚበላ መሰላችሁ? ጎደሬው ሁለቴ ተቀቅሎ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተለብልቦ፣ ኮረሪማ ተነስንሶበት። ጥቅል ጎመን በቀይ ሽንኩርት። እኔ አንድ ቀን ድንገት ደርሼ በልቻለሁ፤ ሦስት ሚስት ካገባ ሰው ምስክርነት ውሰዱ፣ እንዲህ ያለ ጎደሬ አልበላሁም። ጨው ማነሱን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

አባመጫ ግን የምግቡን ጣዕም አልነበረም የሚያወራው። መንገድ ላይ ሰው አቁሞ "ዜሮ ብላኝ ነበር፤ ግማሽ ማንኪያ አስጨረስኳት!" ይላል። ሥጋ ከዜሮ ተነስቶ መዳፍ አደረሳት። ቡና ከዜሮ ተነስቶ አንድ ሲኒ አደረሳት። ሙዝ ላይ ብቻ ዘይቱ ንቅንቅ አላለችም፤ እሱም "እያንዳንዱ ነጋዴ አንድ የማይሸጠው ዕቃ አለው" ብሎ አከበረላት። የእግሩ እብጠት ጎደለ። ጫማው ገባ። ደሙን ሲመረምሩት ሲስተር ቤተልሔም ራሷ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው።

እንዲህ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ዘይቱ ግን በየቀኑ ስትሸነፍ መዋል ሰለቻት። አንድ ቀን ለሰርካዲስ በቆርቆሮው ቀዳዳ "አንድ ጎደሬ ለማብላት ከቀበሌ ስብሰባ የበለጠ ነገር እናገራለሁ፤ ለጉድ ነው የፈጠረብኝ!" አለቻት።

ለአረፋ በግ ታረደ። ናስረዲን ከቴፒ መጣ። እሱ አይሱዙ ነው የሚነዳው፤ ልቡ ንጹሕ ነው፣ አፉ ግን ፍሬን የለውም። ገበታው ቀረበ፤ ዘይቱ "ሥጋ ላንተ የለም" ብላ ገበያውን ከፈተች። አባመጫ እጅጌውን ሰበሰበ። "ግማሽ ኪሎ!"

"እንዴ እማዬ" አለ ናስረዲን፤ "ሲስተር መዳፍ የምታክል ፈቅዳለታለች ብለሽ በስልክ አልነገርሽኝም? ከመጀመሪያውም ያው ነበር እኮ ያልሽኝ፤ ጨውም ግማሽ ማንኪያ።"

 ሰርካዲስ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች።

"ያው ነበር?" አለ አባመጫ።

ዘይቱ ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ያ ሁሉ ያስጨረስኩት… ዋጋው ድሮም ያው ነበር?"

"ያው ነበር።"

"ቡናውም?"

"ቡናውም።"

ተነሳ። እጁን ሳይታጠብ፣ ቆቡን አጥልቆ ከቤት ወጣ። ከበራፉ ውጭ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ጀርባውን ሰጥቶ። መንገዱ ማዶ ሥጋ ቤት አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በዓል ላይ ነው፤ የትኛውም ቤት ቢገባ ከነቅቤው፣ ከነጨው አዝረክርከው ያጎርሱታል። በዓል ቀን "አልበላም" የሚባል ነገር የለም። ናስረዲን ሊከተለው ሲል ዘይቱ ክንዱን ያዘችው።

አስቡት እንግዲህ። ብትጠራው ዋጋው ሊወርድ ነው፤ ይህቺን ዘዴ ስንት ዘመን ሲሠራባት አይታለች። ባትጠራው ደግሞ ሰውየው ኩሩ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይቀርባል።

ዘይቱ በሩ ላይ ወጣች። ያቺ ብዙ የማትናገር ሴትዮ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች።

"አባ ናስሩ! እኔ ጅማ ቤት አልከራይም! ቡናዬን አልሸጥም! አንተንም አልሸጥም! ዋጋው ያው ነው፣ ሥጋውም እየቀዘቀዘ ነው!"

አባመጫ አልዞረም። ቆመ። አንድ ባጃጅ አጠገቡ ቀስ አለና "ልውሰድህ?" አለው። ባለባጃጁን ስንት ነው ብሎ ሳይጠይቀው በእጁ ሂድ አለው። ከዚያ ዞሮ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። መዳፉን ዘርግቶ ገበታው ላይ አደረገ፤ ዘይቱ በልኩ ቆርጣ አስቀመጠችለት።  ሲጨርስ ጣቱን ላሰና ለናስረዲን እንዲህ አለው፦

"ይህቺን ሴትዮ ቤት ውስጥ አስቀምጬ እኔ ብቻዬን ቡና ስገዛ ኖርኩ። ስንት ከስሬያለሁ!"

ይኸው ከዚያ ወዲህ ገበያ የሚወጡት አብረው ነው። ከፊት እሱ ይከራከራል፤ ሲደክመው ዘይቱ ትገባለች። ገበሬው እሷን ሲያይ ጆንያውን አቅፎ ይቀመጣል።

ባለፈው ሰሞን ደግሞ እኔ ጋ መጣ። በጓሮዬ አናናስ አለኝ፤ ሚዛን ላይ እንደ እኔ አናናስ ያለው ሰው የለም፣ ሂዱና ጠይቁ። ሲስተር ቤተልሔም በልክ በልክ ትንሽ አናናስ ፈቅዳለታለች። ሁለት መረጠ፣ አሸተተ። እኔም እሱን ስለማውቀው ዋጋውን እጥፍ አድርጌ ጠራሁ።

አባመጫ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"ልከፍልህ ነዋ፣ ጋሽ ጥበቡ።"

"ያልኩትን?"

"ያልከውን።"

 ሰውየውን ቀና ብዬ አየሁት፤ ከስቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ያ በሽታ ተመለሰ አልኩ በልቤ። ዘይቱ ነግራው ይሆን? ሐኪሙ የመጨረሻውን ነግሮት ይሆን? "አባመጫ፣ አመመህ እንዴ?" አልኩት።

"ኧረ ደህና ነኝ። ውሰድ ገንዘብህን።"

"ግማሹን ስጠኝ፣ ይበቃኛል።"

"አይ፣ ቃልህን አልሰብርም።"

"ተው አልኩህ! ሩቡን!"

"ጋሽ ጥበቡ፣ በዚህ ዕድሜዬ ካንተ ጋር ልከራከር?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዓይኔ ውሃ ሞላ። "ውሰደው!" ብዬ ጮህኩበት። "ሁለቱንም ይዘህልኝ ሂድ! ከአንተ ገንዘብ አልቀበልም፣ ወንድሜ አይደለህም እንዴ!"

መረቀኝ። አናናሶቹን በብብቱ ይዞ ቀስ እያለ ወጣ። ዘይቱ መንገድ ላይ ስትጠብቀው ነበር። ጥጉን እንደዞሩ ሣቃቸውን ሰማሁት፤ የዘይቱ ይበልጥ ነበር።

ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር፤ ጉልበቴ ገና ነው። አልሮጥኩም። እንደዚያ የሚስቅ ሰው ለእጥበት ጅማ አይሄድም ብዬ የአናናሴን ዋጋ ማርኩት።